ጥርት ያለው የስልክ ሬዲዮ ለምን ጆሮ ያደክማል?

እንዴት ከረማችሁ? ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ «ስለ ሬዲዮ ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ» ብዬ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ይሄን ያህል ይመጣል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ወሎ ሙሉ ቁጭ ብሎ ይሰማል። አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ በስልክ የምንሰማው ኦንላይን ሬዲዮና የድሮዋ ኤ ኤም (መካከለኛና አጭር ሞገድ ማለቴ ነው)፣ የትኛው ድምፁ ይሻላል? ስድስቱን መርጬ መልሻለሁ። ደሴ ላይ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገንኩ ነው የጎለመስኩት፤ ወደ አሮጌው ባደላ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፣ ከሐይቅ

ጋሼ፣ አስተማሪ ነኝ። አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዜና የሚሰማው በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነው፤ ሬዲዮኑ ተሰብሮ በላስቲክ ታስሯል። ይገላገል ብዬ ስልክ ገዛሁለትና የሬዲዮ አፕ ጫንኩለት። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ መንሿሿት የሚባል የለበትም። እሱ ግን ግማሽ ሰዓት ሰምቶ «ጆሮዬን አደከመው፣ ያቺን አምጪልኝ» ይላል። ልማድ ነው ወይስ እውነት የሚሰማው ነገር አለ? ቤት ውስጥ ተከራክረን ሲያቅተን እርስዎ ይፍረዱ ተባባልን።

መልስ

ፍርዱ ወደ አባትሽ ያደላል። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

በወረቀት ከሄድን ኤ ኤም መሸነፍ አለበት። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል፤ ኸርዝ ማለት በሰከንድ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው፣ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል። መካከለኛ ሞገድ ላይ ደግሞ በእኛ የዓለም ክፍል ጣቢያዎቹ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ድረስ በ9 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ተደርድረዋል። አንዱ የጎረቤቱን አጥር እንዳያፈርስ ድምፁን 4,500 ኸርዝ አካባቢ ላይ ይቆርጠዋል። ርካሽ ሬዲዮ ከሆነ ከዚያም በታች ያወርደዋል። አጭር ሞገድም ያው ኤ ኤም ነው፣ የድምፁ ስፋት ከዚህ ብዙም አይለይም። ኤፍ ኤም ግን እስከ 15,000 ይሄዳል። ጥሩ የኦንላይን ስርጭት ከኤፍ ኤም ጋር እኩል ይቆማል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል።

የተቆረጠው ምን እንደሆነ ለማወቅ «ሰ» እና «ፈ»ን አስቢ። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ያለው ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው። ያንን ስትቆርጪው ከ«ፈ» ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ በኤ ኤም ዜና አንባቢው «ሰራ» ይበል «ፈራ» የምትለይው ከዓረፍተ ነገሩ እንጂ ከድምፁ አይደለም። አባትሽ ይሄን ክፍተት ሲሞሉ ነው የኖሩት። የዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍል በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ልጅ ነበሩ፤ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮም በ1969 ዓ.ም. እስኪወረስ ድረስ ደርሰውበታል። ያ ሁሉ ዓመት ጆሯቸው ተለማምዷል። እስቲ አንድ ወጣት አጭር ሞገድ አሰሚው፣ አምስት ደቂቃ አይቆይም።

እና ልማድ ብቻ ነው? አይደለም።

መጀመሪያ ስፒከሩን እንይ። የስልክ ስፒከር የአውራ ጣት ጥፍር ብታህል ነው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ100 እስከ 150 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የስልክ ስፒከር ደግሞ ያንን ማውጣት አይችልም። የአባትሽ ሬዲዮ የተሰበረም ቢሆን ሳጥን አለው፣ መዳፍ የሚያህል የወረቀት ስፒከር አለው። ስለዚህ በስልኩ የሚመጣው ሰው ደረት የለውም። ላዩ ጥርት ያለ፣ ታቹ ባዶ። በሬዲዮኑ ደግሞ ላዩ የለም፣ ግን ሰውየው አጠገብሽ ተቀምጦ የሚያወራ ይመስላል።

በዚያ ላይ ዕድሜ አለ። በ74 ዓመት የብዙ ሰው ጆሮ ከ8,000 ኸርዝ በላይ ያለውን እየተወ ይመጣል። አንቺ «ጥርት ያለ» የምትይው ነገር፣ በዳታ እየገዛሽ የምታመጪላቸው ማለት ነው፣ ትልቁ ክፍል እሳቸው ጋ አይደርስም። የሚደርሳቸው የጎደለው ደረት ነው።

ሦስተኛው መጨመቁ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እሱ ነው። ኦንላይን ሬዲዮ ድምፁን እንዳለ አይልክም፣ ይጨምቀዋል። ኤም ፒ 3፣ ኤ ኤ ሲ፣ ኦፐስ የሚባሉት የመጨመቂያ ዘዴዎች ናቸው። ሥራቸው እህል እንደማናፈስ ነው። አንድ ጠንካራ ድምፅ አጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ ስለሚሸፍነው ጆሮ ደካማውን አያስተውለውም፣ ስለዚህ እሱን እንደ ገለባ ያራግፉታል። ነፋሱ ልክ ሲሆን ገለባው ብቻ ይሄዳል፣ ሲበረታ ግን እህሉም አብሮ ይሄዳል። 128 ኪሎ ቢት በሰከንድ የሚልክ ጣቢያ የሚያራግፈው ገለባ ነው ቢባል ብዙም ውሸት አይደለም። 24 ወይም 32 ኪሎ ቢት የሚልከው ግን እህሉን ነክቷል። ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። ብዙዎቹ ዝቅተኛ ስርጭቶች የድምፁን የላይኛውን ክፍል ጭራሽ አይልኩትም፤ ስልኩ ከታችኛው ክፍል ገልብጦ፣ በትንሽ መመሪያ እየተመራ፣ የላይኛውን ክፍል በግምት ይሠራለታል። ለዚህ ነው አንዳንዴ አንባቢው ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚለው፣ «ሽ» እና «ስ» ውሃ ውስጥ የተነገሩ የሚመስሉት። መንሿሿት ስለሌለ ንጹህ ይመስላል። ንጹህና ጥሩ ግን አንድ አይደሉም።

ደግሞ አበላሸታቸው ይለያያል። ኤ ኤም ሲበላሽ ድምፅ ላይ ድምፅ ይጨመርበታል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ እየወረደ ሰው እንደሚያናግርሽ አድርገሽ ውሰጂው፤ ዝናቡን ለይተሽ ሰውየውን ትሰሚያለሽ። ኦንላይኑ ሲበላሽ ግን ይቆረጣል። ዝም፣ ከዚያ መዞር፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ መጀመር። በሚያጎድል ድምፅ ላይ ጆሮ የሚሠራው ነገር የለም።

ስለዚህ ፍርዴ ይሄ ነው። ስልኩን ከአንድ ደህና ስፒከር ጋር በገመድ አገናኚው፣ ከአፑ ላይ የጥራት ምርጫ ካለ 64 ወይም ከዚያ በላይ አድርጊው፣ ሳትነግሪያቸው አሰሚያቸው። ያኔም «ያቺን አምጪልኝ» ካሉ በላስቲክ የታሰረችውን መልሺላቸው። ላስቲኩን ግን ቀይሪው።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ

ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ ማታ ማታ ፈረቃ ስገባ ሬዲዮ በስልክ እሰማለሁ። በቀን 3 ሰዓት ያህል። ጥቅሉ በሳምንቱ ያልቅብኛል። ጥራቱን ብቀንስ ምን ያህል ይቆጥብልኛል? ድምፁስ ምን ያህል ይበላሻል?

መልስ

ሒሳቡ ቀላል ነው፣ አንዴ ከያዝከው ማንም አያታልልህም። ኪሎ ቢቱን ለ8 አካፍል፣ በ3,600 አባዛ፣ የአንድ ሰዓት ኪሎ ባይት ይመጣልሃል። በ128 የሚሰራጭ ጣቢያ በሰዓት 58 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል። በ64 ወደ 29 ይወርዳል። በ32 ደግሞ 14 ተኩል ገደማ ነው። በቀን 3 ሰዓት ከሆነ በወር በ128 አምስት ጊጋ ትንሽ ያልፋል፣ በ64 ሁለት ጊጋ ተኩል ገደማ፣ በ32 አንድ ጊጋና ትንሽ።

ለወሬና ለዜና 32 ይበቃል፣ መጨመቂያው አዲሱ ዓይነት ኤ ኤ ሲ ወይም ኦፐስ ከሆነ። አሮጌው ኤም ፒ 3 በ32 ከሆነ ግን ኤ ኤም ይሻልሃል፣ እውነቴን ነው። ለሙዚቃ ከ64 በታች አትውረድ።

ግን ጥቅልህ በሳምንት ካለቀ ጥፋቱ የሬዲዮው አይመስለኝም። የሬዲዮ ፕሮግራሙን በቪዲዮ ቀጥታ ስርጭት እየሰማህ ሊሆን ይችላል፣ ያ ስቱዲዮ ውስጥ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚታይበት ማለቴ ነው። ስልኩን ኪስህ ብትከተውም ቪዲዮው ይወርዳል፣ በሰዓት በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ባይት። ድምፅ ብቻ የሚልከውን አፕ ወይም ሊንክ ፈልግ። እዚያው ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የደሴ ኤፍ ኤም 87.9 የሚገባልህ ከሆነ፣ ብዙ ስልክ ላይ ኤፍ ኤም መቀበያ አለ፣ የጆሮ ማዳመጫ ገመዱን እንደ አንቴና ሰክተህ በነጻ ስማ። የምታወጣው ሳንቲም የለም።

ጥያቄ፣ ከደሴ

ጎረቤቴ በሬዲዮ፣ እኔ በስልክ ኳስ እንሰማለን፣ አንድ ጣቢያ ነው። እሱ «ጎል!» ብሎ ሲጮህ የእኔ ሰውዬ ገና ኳሱ መሃል ሜዳ ላይ ነው ይለኛል። ደሜ ፈላ ወላሂ።

መልስ

አብሽር፣ ስልክህ አልታመመም። ድምፁ ከስቱዲዮ ወጥቶ ይጨመቃል፣ ወደ ሰርቨር ይሄዳል፣ ስልክህ ደግሞ እንዳይቆራረጥ ብሎ የተወሰነ ሰከንድ አጠራቅሞ ነው የሚያሰማህ። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከ10 እስከ 40 ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። የሬዲዮ ሞገድ ግን ከአዲስ አበባ ደሴ ለመድረስ አንድ ሺሕኛ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ጎረቤትህ ቤት ሂድና አብራችሁ ስሙ፣ ቡናም ጀባ ይሉሃል።

አንድ ነገር ግን ከኳስ በላይ ነው። ረመዳን ላይ አዛኑን በስልክ ሬዲዮ የምትጠብቁ ሰዎች፣ ለማፍጠር ግማሽ ደቂቃ ብትዘገዩ ምንም አይደል፤ ለሱሁር ግን አዛኑ የሚደርሳችሁ መብላት የሚቆምበት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ለሰዓት ስልክ ሬዲዮን አትመኑ።

ጥያቄ፣ ከደላንታ

ወንድም ጋሼ፣ ገበሬ ነኝ። እኛ ጋ ኔትወርኩ ጋራ ላይ ካልተወጣ የለም፣ ኤፍ ኤሙም ገደሉ ይከለክለዋል። ያለን ሬዲዮ ነው። ማታ የሩቅ አገር ሁሉ ይገባል፣ ቀን ግን ጭር ይላል። ይሄን ለምደነዋል። አሁን ግን የፀሐይ መብራት ካስገባን ወዲህ ማታም እንደ ንብ ይጮኻል። ሬዲዮኑ ነው ያረጀው?

መልስ

ሬዲዮንዎ ጤነኛ ነው፣ አይጣሉት። የጮኸው መብራቱ ነው።

በመጀመሪያ የቀንና የማታውን ልንገርዎ። ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው አንድ ንብርብር አለ። ቀን ቀን መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል፣ ስለዚህ የሚደርስዎ መሬት መሬቱን የሚመጣው የቅርቡ ጣቢያ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይጠፋል። ያኔ ሞገዱ ወደ ላይ ይዘልቅና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ሌላ ንብርብር እንደ መስታወት መልሶ ይልከዋል፣ ገደልና ጋራ አይል፣ ዘሎ ይመጣል። ድምፁ እየጎላ እየሰለለ የሚሄደውም በተለያየ መንገድ የመጣው ሞገድ ሲገናኝ አንዳንዴ ስለሚደጋገፍ፣ አንዳንዴ ስለሚጣላ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። የፀሐይ መብራት መቆጣጠሪያው፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ አንዳንዱ ኤል ኢ ዲ አምፖል ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየከፈቱ እየዘጉ ነው የሚሠሩት። ጥሩ ማጣሪያ የሌለው ርካሽ ዕቃ ከሆነ ያ መክፈትና መዝጋት ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ሆኖ ይወጣል፣ ኤ ኤም ደግሞ የሚወደው እሱን ነው። ይሞክሩት፦ ማታ ሬዲዮኑን ከፍተው መብራቱን በሙሉ ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ጩኸቱ ቀጥ ካለ ሌባውን ያዙት ማለት ነው። አንድ በአንድ እያበሩ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ከዚያ ሬዲዮኑን ከእሱ አራት አምስት ሜትር ያርቁት።

ሌላም አለ፣ ይሄን ሱቄ ለመጣ ሁሉ እነግር ነበር። መካከለኛ ሞገድን የሚቀበለው ያ የሚመዘዘው ዘንግ አይደለም። ውስጥ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመባት ጥቁር ዱላ አለች፣ እሷ ናት። እሷ ደግሞ በጎኗ ትሰማለች፣ በጫፏ አትሰማም። ስለዚህ ሬዲዮኑን ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያደረጉ ያሽከርክሩት። አንድ ቦታ ላይ ጩኸቱ ጥፍት ብሎ ጣቢያው ጉልት የሚልበት አለ። እዚያ ላይ ይተዉት። የሚመዘዘው ዘንግ የሚያገለግለው ለአጭር ሞገድ ነው። ለእሱ ስድስት ሰባት ሜትር ሽቦ ጫፉ ላይ ጠምጥመው ወደ ባሕር ዛፉ ይዘርጉት፤ መብረቅ ባለበት ቀን ግን ያውርዱት።

የባትሪ ድንጋይ ስታልቅ ፀሐይ ላይ የሚያሰጡ ሰዎች አሁንም አሉ አይደል? ትንሽ ትነቃለች፣ ልክ ነው። ግን ደክማ ፈሳሽ የምታወጣ ከሆነ ሬዲዮኑን ትበላዋለች። ስንቱን ከፍቼ አረንጓዴ ዝገት አይቻለሁ።

ለስልክ ሬዲዮ ኔትወርክ ስለሌለዎት ብዙ አይዘኑ። በ2016 ዓ.ም. በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ፣ ዘመናዊ ነን ያልን የከተማ ሰዎች እርስዎ ያለዎትን ዓይነት ሬዲዮ ነበር የምንፈልገው። እኔ ራሴ ሁለት አሮጌ ሬዲዮ ከመደርደሪያ አውርጄ ጠግኛለሁ፣ አንዱን ለጎረቤት ሰጥቼው እስከዛሬ አልመለሰልኝም።

ጥያቄ፣ ከደሴ፣ ሹፌር

ከደሴ ኮምቦልቻ የምመላለስ ነኝ። በቅርቡ የኤሌክትሪክ መኪና ያዝኩ። በድሮው መኪና ኤ ኤም እሰማ ነበር፣ በዚህኛው ስከፍተው ሽሽሽ ብቻ ነው። በስልክ ስሞክር ደግሞ ሀረጎ ላይ ይቆራረጣል። ምን ይሻላል?

መልስ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይሄ ጥያቄ እየበዛ ነው የሚመጣው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የባትሪውን ኃይል የሚቀይርለት ዕቃ አለው፣ እሱም ልክ እንደዚያ የፀሐይ መብራት በፍጥነት ይከፍታል ይዘጋል። ጉልበቱ ግን ስንትና ስንት እጥፍ ነው። ኤ ኤም መረጃውን የሚሸከመው በሞገዱ ጥንካሬ ስለሆነ፣ ጥንካሬውን የሚነካ ማንኛውም ነገር በቀጥታ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ኤፍ ኤም በድግግሞሹ ስለሚሸከም እንዲያ አይጎዳም። ለዚህ ነው አንዳንድ የመኪና ፋብሪካዎች ኤ ኤሙን ከነአካቴው ያወጡት። አንተ ጋ ያለው አልወጣም፣ ግን ያው ነው።

ስለ ሀረጎ፣ እዚያ ጠመዝማዛ ላይ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው ስትዘል ነው የሚቆረጠው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች፤ በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ያን ያህል ስትወርድ ጋራው አንዴ ይገልጥሃል፣ አንዴ ይሸፍንሃል። አፕህ «በፈር» የሚል ምርጫ ካለው ከፍ አድርገው፣ አንድ ደቂቃ ካጠራቀመ ብዙውን ክፍተት ያልፈዋል። ጥራቱን ወደ 48 አውርደው፣ መኪና ውስጥ የጎማ ድምፅ ስላለ ልዩነቱን አትሰማውም። አለበለዚያ ፕሮግራሙን ቀድመህ አውርደህ ያዝ። ሹፌር ነህ፣ ስልክ እየነካካህ ሀረጎን አትውረድ።

ጥያቄ፣ ከወልድያ

ከጓደኞቼ ጋር ትንሽ ኦንላይን ሬዲዮ ከፍተናል። መንዙማ እናሰማለን፣ የአምባሰልና የባቲ ቅኝት የድሮ ዘፈኖችም አሉን፣ አብዛኛው ከካሴት የተገለበጠ ነው። ሰሚዎች ግን «ጭብጨባው ዘይት ላይ እንደወደቀ ውሃ ይንጫጫል፣ ማሲንቆውም ይንቀጠቀጣል» ይሉናል። የምንልከው በ32 ኪሎ ቢት ስቴሪዮ ኤም ፒ 3 ነው። ሰው ዳታው እንዳያልቅበት ብለን ነው።

መልስ

ሸጋ ሥራ ነው የያዛችሁት፣ ስለዚህ በደንብ እንነጋገር።

ጭብጨባ ለመጨመቂያ ጠላቱ ነው። ድንገት ይመጣል፣ ከወፍራም እስከ ቀጭን ሁሉንም ድምፅ በአንዴ ይዟል፣ ወዲያው ይጠፋል። መጨመቂያው ደግሞ ድምፁን በትንንሽ ቁራጭ ጊዜ ከፋፍሎ ነው የሚያናፍሰው። ቢቱ ሲያንስበት የጭብጨባውን ስህተት በቁራጩ ሙሉ ይበትነዋል፣ ከጭብጨባው በፊትም በኋላም። አንድ ሰው ሲያጨበጭብ ይሄ ብዙም አይሰማ ይሆናል። መንዙማ ላይ ግን ሐድራው፣ የተሰበሰበው ሰው ማለት ነው፣ ሙሉ ነው የሚያጨበጭበው። ያ ነው የሚንጫጫው። ድቤው ብዙ አይጎዳም፣ ወፍራም ስለሆነ። ዋሽንትም ደህና ያልፋል፣ ድምፁ ቀለል ያለ ነው። ማሲንቆ ግን የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ሲፈተግ እጅግ ብዙ ቀጫጭን ድምፅ ይዞ ይወጣል፣ ያ ሲቆረጥ አንዴ እየተላከ አንዴ እየተተወ ስለሚሄድ ይንቀጠቀጣል። ይሄው መንዙማ በኤ ኤም ቢሄድ ጭብጨባው ይደበዝዛል፣ ግን ጭብጨባ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሰሚዎቻችሁ ልክ ናቸው፣ አሁን ባላችሁበት ከኤ ኤም በታች ናችሁ።

መጀመሪያ ስቴሪዮውን ተዉት። የቀኝና የግራ ድምፅ እነዚያኑ 32 ኪሎ ቢቶች ይሻማሉ። የድሮው ካሴት መንዙማ አብዛኛው ያለ ስቴሪዮ የተቀዳ ነው፣ ቀኙና ግራው አንድ ነው፣ ለምንም አይጠቅማችሁም። ወደ ሞኖ ለውጡ። ከዚያ ኤም ፒ 3ን ትታችሁ ኤ ኤ ሲ ወይም ኦፐስ በ48 አድርጉት። በሰዓት ወደ 22 ሜጋ ባይት ነው፣ ከበፊቱ 7 ብቻ ጨመረ። ዳታ ለተረፈው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሊንክ በ96 ክፈቱ።

ቀጥሎ ያላችሁን ፋይል መርምሩ። ከቴሌግራም የወረደ፣ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲዞር የኖረ፣ አምስት ጊዜ ተጨምቆ አምስት ጊዜ የተፈታ ከሆነ ስርጭቱን ብታሻሽሉትም ዋጋ የለውም። የተናፈሰን እህል ደግሞ ደጋግመህ ብታናፍሰው ገለባ አይደለም የሚወጣው። ካሴቱ ራሱ ካለ እንደገና ገልብጡት፣ ሳይጨመቅ አስቀምጡት፣ ጨመቃው አንዴ ብቻ፣ ሲላክ ይሁን።

ሲገለበጥ ደግሞ የቴፑን ራስ፣ ካሴቱን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮልና በጥጥ ጥረጉት። ከራሱ ጎን አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ካሴቱ እየተጫወተ እሷን በቀጭን ካቻቢቴ በጣም በትንሹ፣ የሩብ ሩብ ያህል፣ ወዲያና ወዲህ አዙሯት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ መጋረጃ እንደተገለጠለት ቦግ ይላል። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕና የእናንተ ቴፕ ራሳቸው እኩል ስላልቆመ ነበር የደበዘዘው። እኔ በዚህች ብሎን ብቻ ስንት «የተበላሸ» ካሴት አድኛለሁ፣ ሰው ደግሞ ዕቃ የቀየርኩ እየመሰለው ይከፍለኝ ነበር።

የመቅጃውን ድምፅ ቀይ እስኪነካ አትጨምሩት። በካሴት ትንሽ ቢያልፍ ይችለዋል፣ በኮምፒውተር ግን ከጣራው ያለፈው ተቆርጦ ይቀራል፣ ጭብጨባ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው የጭብጨባው ጫፍ ነው። ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ቅዱ።

ሰሚዎቻችሁንም በምን እንደሚሰሙ ጠይቋቸው። በብሉቱዝ ስፒከር የሚሰማ ሰው ስልኩ ራሱ አንድ ጊዜ ጨምቆ ነው ወደ ስፒከሩ የሚልክለት፣ በእናንተ ላይ ተጨማሪ መሆኑ ነው። በ48 ስትልኩ ልዩነቱ ይሰማል።

ከቀየራችሁ በኋላ ሁለቱንም ሊንክ ላኩልኝ፣ የድሮውን 32 ሳትዘጉት። ጭብጨባ ያለበት አንድ መንዙማና ማሲንቆ ብቻውን ያለበት አንድ የአምባሰል ዘፈን ልቀቁበት። እኔ በገመድ ማዳመጫ እሰማዋለሁ። የሐይቋ አስተማሪም ፈቃደኛ ከሆነች ለአባቷ ታሰማልን፣ ከእኔ ይልቅ የእሳቸውን ጆሮ አምናለሁ።